ማንም ያልቀመሰው ጓያ

ቅዳሜ መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ ገበያ ወጥታችሁ ጓያ የሚበላ ሰው ብትፈልጉ አንድም አታገኙም። የሚዘራው ሞልቷል፤ የሚሸጠውም ሞልቷል። ኅዳር ላይ ከከተማው ጫፍ ቆማችሁ ወደ ጀማ ወንዝ ቁልቁል ብትመለከቱ ጥቁሩ መረሬ አፈር በጓያ አበባ ሰማያዊ ሆኖ ታዩታላችሁ። የሚበላው ሰው ግን የለም። አባቱም አልበላም፣ አያቱም አልበላም፣ እሱም በልቶ አያውቅም።

ይህን ውሸት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ፤ በሰማሁት ቁጥርም ያናድደኛል። ባለፈው ዐቢይ ጾም ግን ከማናደድ አልፎ የብዙ ዓመት ሥራዬን ገደል ሊከትብኝ ደረሰ።

ነገሩ የጀመረው እትዬ ይዘንጋሽ ዘንድ ነው። እትዬ ይዘንጋሽ በዓለም ከተማ ገበያ እህል ሲነግዱ የኖሩ፣ ፊታቸው የተደረደረውን ጆንያ ሁሉ በእጃቸው ዳሰው ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣ የሚናገሩ ሴት ናቸው። ካንዱ ጆንያ እፍኝ አነሣሁ።

«እትዬ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«እህል ነው።»

«ምን እህል?»

«የሽሮ እህል።»

«ጓያ አይደለም እንዴ?»

ግራና ቀኙን አዩ። «ትንሽ ትንሽ ሳይኖርበት አይቀርም» አሉኝ። ጆንያው ከአፉ እስከ ታቹ ጓያ ብቻ ነበር።

«ማን ነው ገዝቶ የሚበላው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ። ለርግብ የሚወስዱም አሉ።»

ያ ሁሉ ጆንያ ለርግብ ቢሆን ኖሮ የመርሐቤቴ ርግብ ክንፏ አልሸከም ብሏት በእግሯ ትሄድ ነበር። ይህንኑ ነገርኳቸው። እትዬ ይዘንጋሽ ሳቁ፤ ሳቁና መዘኑልኝ፤ ጓያ ነው ግን አላሉም።

ዓለምፀሐይ እባላለሁ። የተወለድኩት ከዓለም ከተማ ቁልቁል፣ ከዚያው ሰማያዊ ማሳ መካከል ነው። አሁን በአንድ የግብርና ምርምር ማዕከል የዕፅዋት ተመራማሪ ነኝ፤ የሥራዬም ነገር ጓያ ነው።

ጓያን የሚሰድብ ሰው እኔ ፊት ባይሰድብ ይሻለዋል። ዝናቡ ቀድሞ ሲቆም፣ ምስሩ ሲረግፍ፣ ሽምብራው ሲደርቅ፣ በተሰነጣጠቀው መረሬ ላይ ቆሞ የሚጠብቃችሁ ጓያ ነው። ሽሮው ደግሞ በጾም ቀን የሚወዳደረው የለም። ጉዱ ውስጡ ያለው መርዝ ነው። አልፎ አልፎ የቀመሰው ሰው ምንም አይሆንም። በክፉ ዓመት ግን፣ ሌላ እህል ሲጠፋ፣ ጠዋትም ማታም ለወራት እሱን ብቻ የበላ ሰው አንድ ቀን ከመኝታው ሲነሣ ጉልበቱ አልታዘዝ ይለዋል። ከዚያ ወዲያ በትር ይዞ ነው የሚሄደው። ጓያ ሰበረው ይባላል፤ ጮክ ተብሎ ግን አይባልም። ጮክ ተብሎ የሚባለው «ብርድ መታው» ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጓያ ሰበረው ማለት ጎተራው ባዶ ነበር ማለት ነው፤ ጎተራው ባዶ ከነበረ ቤት ደግሞ ልጅ ለጋብቻ የሚጠይቅ አይገኝም።

የእኔና የባልደረቦቼ ሥራ መርዙን ከጓያው መነጠል ነበር። ከቅጠሉ ጥፍር የምታህል ቁራሽ ቆርጠን፣ ብልቃጥ ውስጥ በተዘጋጀላት ምግብ ላይ እናስቀምጣታለን። ቁራሿ መጀመሪያ ቅርጽ የሌላት እብጠት ትሆናለች፤ ሰንብታ ሥር ታወጣለች፣ ቅጠል ታወጣለች፣ ራሷን የቻለች ተክል ትሆናለች። በዚህ መንገድ ከሚወለዱት መካከል እናታቸውን የማይመስሉ ይገኛሉ። አንዳንዷ መርዙን እዚያው ብልቃጥ ውስጥ ትታው የወጣች ትመስላለች። እሷን ለማግኘት ስንዘራ፣ ስንፈጭ፣ ስንመረምር፣ ስንጥል ዓመታት ሄዱ። አገኘናትም።

ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ባለ አንድ ሆቴል ስብሰባ ተጠርቼ ነበር። ከውጭ የመጣ አማካሪ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ የወደፊቱ የዓለም ምግብ ከዕፅዋት ብቻ የሚሠራ ምግብ መሆኑን አበሠረን። ተጨበጨበለት። እጄን አወጣሁ። «ጌታዬ፣ እኔ በተወለድኩበት አገር ሕዝቡ የዓመቱን እኩሌታ ሥጋም ወተትም ሳይቀምስ ሽሮ በልቶ ያርሳል። ያሉት የወደፊት ጊዜ እኛ ዘንድ ከመጣ ብዙ ዘመኑ ነው። የቸገረን ሽሮው ውስጥ ያለው መርዝ ነውና ስለሱ እንነጋገር» አልኩት። ሰብሳቢው ጊዜው አልቋል አለኝ። እኔ ስናገር የሰብሳቢዎች ሁሉ ጊዜ ለምን እንደሚያልቅ እስከዛሬ አልገባኝም።

የዝርያ አጽዳቂው ኮሚቴ ግን አንድ ትክክለኛ ነገር ተናገረ፤ ትክክለኛ በመሆኑም ልጣላቸው አልቻልኩም። ገበሬው ከሚያውቀው ጓያ ጋር አነጻጽሮ፣ ጣዕሟ ከለመድኩት አያንስም ካላለ፣ ዝርያዋ አትለቀቅም፤ ሥራውም ይዘጋል አሉ። ከእኛ በፊት አንዲት ጤነኛ ዝርያ ወጥታ ነበር። ስትበላ ካርቶን ካርቶን ትል ስለነበር ገበሬው ለከብቱ ሰጥቷት ወደ አሮጌው ጓያ ተመለሰ። ስለዚህ ሁለት ድስት ሽሮ ይሠራል፣ ገበሬው ይቀምሳል፣ ይፈርዳል። ከዚህ የቀለለ ፈተና የለም ብዬ ወደ አገሬ ወረድኩ።

ቅምሻው የተዘጋጀው ረቡዕ ቀን፣ በቀበሌው የገበሬዎች ማሠልጠኛ ነበር። ጾም ነውና ከቅዳሴ በፊት እህል የሚቀምስ የለም፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አደረግነው። ሽሮውን የሠራችው አብራኝ የተማረችው ጌታነሽ ናት። አንዱን ድስት ከእትዬ ይዘንጋሽ ከገዛሁት ጓያ፣ ሌላውን ከእኛው ከምርምሩ፣ በአንድ ዓይነት በርበሬ፣ በአንድ ዓይነት ዘይት ሠርታ፣ አንዱን በሰማያዊ ሳህን፣ ሌላውን በቢጫ ሳህን አቀረበች። የትኛው የትኛው እንደሆነ እሷ ብቻ ታውቃለች፤ ለእኔም አትነግረኝም። ፊቴ ምስጢር ስለማይዝ ይኼን ያዘዝኩት እኔው ነኝ።

ፈራጆቹ ከየመንደሩ የተጠሩ ነበሩ። ከፊት የተቀመጡት አቶ ጫኔ ናቸው፤ ሰፊ ማሳ ያላቸው፣ ስለ እርሻ ሲናገሩ ሌላ ሰው አፉን የማይከፍትባቸው አዛውንት። ከአጠገባቸው የደብሩ ቄስ አባ መልከ ጼዴቅ፣ ቀጥሎ እትዬ ይዘንጋሽ፣ ከዚያም ሌሎች ሴቶችና ወንዶች። መልሱን የሚጽፈው ታዲዮስ የሚባል የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ነበር፤ ከጎረቤታችን ወረዳ ከሚዳ የመጣ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ጨዋ ወጣት።

አባ መልከ ጼዴቅ ከመቅመሳቸው በፊት ጠየቁኝ። «ልጄ፣ ይኼ ከብልቃጥ ወጣ የምትሉት፣ የእንስሳ ነገር ገብቶበታል?»

«አልገባበትም አባ። ከራሱ ቅጠል ነው የተወለደው። የተጨመረበት ነገር የለም፤ የተቀነሰ እንጂ።»

«እንግዲያስ ለጾም ይሆናል» አሉና ባረኩት።

በሉ። ከጾም ሰዓት በኋላ ነውና እንዴት አድርገው እንደበሉ አትጠይቁኝ። ሁለቱም ሳህን በእንጀራ ተጠርጎ ጸዳ። ከዚያ ታዲዮስ ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ከለመዳችሁት ጓያ ጋር ስታስተያዩት የትኛው ይሻላል?» አለ።

ሁሉም ወደ ባዶዎቹ ሳህኖች አቀረቀረ።

«አቶ ጫኔ?»

«ሁለቱም እግዜር ይስጥልን፤ ጣፋጭ ናቸው።»

«ከለመዱት ጋር ሲያስተያዩትስ?»

«ከለመድኩት ምን ጋር?»

«ከጓያ ጋር።»

«ጓያን እኔ የት አውቄው። ለበሬ ነው የምዘራው።»

«ታዲያ በሬው ይጠራ» አልኩ ከኋላ። ታዲዮስ በዓይኑ ለመነኝ።

«እትዬ ይዘንጋሽ?»

«እኔ ነጋዴ ነኝ ልጄ። የምሸጠውን ሁሉ እበላለሁ እንዴ? ጨርቅም ሸጬ አውቃለሁ።»

አንዷ ሴትዮ የባሏ እናት ትበላ ነበር ሲባል ሰምታለች። አንዱ ሰውዬ ወታደር ሳለ ሌላ አገር አይቶታል፤ ቀርቦ ግን አላየውም። አባ መልከ ጼዴቅ ሽሮ ሽሮ ነው፣ ከምን እንደተሠራ የሚያውቅ ፈጣሪ ነው አሉ። ታዲዮስ አንድ መልስ ሳይጽፍ እስክሪብቶው እጁ ላይ ቀረ።

ያን ጊዜ ተነሣሁ። የተናገርኩትን ሁሉ እዚህ አልደግመውም። ኅዳር ላይ ቆላው በሙሉ ሰማያዊ እንደሚሆን፣ ያንን ሁሉ እህል በሬና ርግብ ሊጨርሰው እንደማይችል፣ እኔም በልጅነቴ ጓያ በልቼ እንዳደግሁ፣ በውሸታቸው ምክንያት የገዛ ልጆቻቸው መርዝ ሲበሉ እንደሚኖሩ ነገርኳቸው። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነበር። አንዱም ቃል አልጠቀመኝም። ሰዎቹ አልተቆጡም፤ ከመቆጣት የባሰ ነገር አደረጉ፤ ጨዋ ሆኑ። «እግዜር ያክብርልን፣ ደክማችኋል» እያሉ አንድ በአንድ ተነሥተው ወጡ። አቶ ጫኔ በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው ጌታነሽን አመሰገኗት፤ እኔን አላዩኝም።

«ዶክተር» አለ ታዲዮስ፣ ባዶውን ወረቀት እያጠፈ፣ «አላውቀውም ብለዋል ብዬ ልጻፍ?»

«ጻፍና ብላው» አልኩት። እሱ ላይ መቆጣት አልነበረብኝም። ግን አጠገቤ የቀረው እሱ ብቻ ነበር።

ያመሸሁት አጎቴ ጋሼ ገብረየሱስ ቤት ነው። የእናቴ ወንድም ናቸው። ኮርቻ ይሰፋሉ፤ በቆላውም በደጋውም ጥሩ በቅሎ ያለው ሰው ኮርቻውን ለእሳቸው ነው የሚያዘው። የሚሄዱት በሁለት በትር ነው። ልጅ ሆኜ «ጋሼን ምን አገኛቸው?» ብዬ ስጠይቅ እናቴ ብርድ ነው ትለኝ ነበር። የትኛው ብርድ እንደሆነ ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ መጽሐፍ ላይ የሰው እግር ሥዕል አይቼ ነው።

የሆነውን ነገርኳቸው። ቆዳውን በጉልበታቸው ይዘው እየሰፉ ሰሙኝ።

«ጮህሽባቸው?»

«ትንሽ።»

«የጌታነሽ ልጅ አልፎ ሲሄድ፣ ዶክተሯ ጣሪያውን ልታነሣው ነበር ብሎኛል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ ጋሼ? በልተው በልተው አናውቀውም ይሉኛል።»

«አንቺ የጠየቅሻቸው ስለ ጣዕም መሰለሽ። እነሱ የሰሙት ‹በክፉው ዓመት ጎተራህ ባዶ ነበር ወይ?› የሚል ነው። ያውም በቄስ ፊት፣ በጎረቤት ፊት። አንቺስ ብትሆኚ ትመልሽ ነበር?»

«እመልስ ነበር።»

«አንቺማ ማን ያገባኛል ብለሽ አትፈሪም» አሉና ሳቁ። ቀጥለው መርፌውን ከቆዳው እየሳቡ፣ «እኔም ብርድ ነው እያልኩ አይደል የኖርኩት። ሦስት ሴት ልጅ ድሬአለሁ። ጓያ ነው ብል ኖሮ አሁንም እዚሁ ቤት ይፈትሉ ነበር» አሉ።

የወደቀውን የቆዳ ቁራጭ አንሥቼ ሰጠኋቸው።

«መቼ ነው ደግሞ የምትሞክሪው?»

«ዓርብ። ከዚያ ወዲያ ኮሚቴው አይጠብቀኝም።»

«እኔም እመጣለሁ።»

«አይምጡ ጋሼ።»

«ለምን?»

ለምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ሁለት በትር ይዘው በሩ ላይ ሲታዩ፣ ቀድሞ ዝም ያለው ሰው ጭራሽ ይደነግጣል ብዬ ፈርቼ ነው። አላልኩትም።

«በቅሎዋ ላይ አዲስ ኮርቻ አለ፣ ሰው ይየው» አሉ። ነገሩ በዚሁ አለቀ።

ዓርብ ዕለት ሁሉም መጡ። ለሳይንስ ብለው አልነበረም የመጡት፤ የጌታነሽ ሽሮ ነው ያመጣቸው። ጌታነሽ ሳህኖቹን እንደ ልማዷ ለብቻዋ ሞልታ አቀረበች። ጋሼ ገብረየሱስ በበቅሎ ደርሰው፣ ወርደው፣ በሩ አጠገብ ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። ሽሮውን አልነኩም። ሰላምታ ሲለዋወጡ ሰዉ ሁሉ ፊታቸውን አየ፤ እግራቸውን የሚያይ አልነበረም።

ታዲዮስ ጥያቄውን አሻሽሎት ነበር። «ማንም በልቷል አልልም» ብሎ ጀመረ። «እንዲያው ሰው ሲናገር ከሰማችሁት ጋር ስታስተያዩት?»

«እኛ ወሬ አንሰማም» አሉ አቶ ጫኔ።

ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ጋሼ አዩኝና አንዱን በትራቸውን መሬት ላይ ቸብ አደረጉ። ከዚያ ወደ ታዲዮስ ዞሩ።

«አንተ ልጅ፣ አገርህ ወዴት ነው?»

«ሚዳ ነው አባቴ።»

«ሚዳ ጓያ ይዘራል?»

ታዲዮስ ወደኔ አየ። የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ምን እንደሚፈቀድለት አላወቀም። «ይዘራል» አለ።

«ትበላላችሁ?»

ይኼን ልጅ የወለዱ ሰዎች መዋሸት አላስተማሩትም። የአንገቱን ቁልፍ ነካ ነካ አደረገና፣ «እንበላለን» አለ። «ሽሮ ማለት የሚዳ ጓያ ነው። የዚህ አገሩ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ውኃ ውኃ ይላል።»

አቶ ጫኔ የያዙትን እንጀራ መልሰው አስቀመጡት። «ምን ይላል?»

«ውኃ ውኃ።»

«የት ቀምሰኸው?»

«በየቤታችሁ። ስትጋብዙኝ።»

መጀመሪያ የሳቀችው ጌታነሽ ናት። ቀጥሎ ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። አባ መልከ ጼዴቅ የሚያስላቸው መሰሉ።

አቶ ጫኔ ግን አልሳቁም። «የእኔን ቤት ሽሮ ነው ውኃ የምትለው?»

«የእርስዎስ ደህና ነው።»

«ደህና? ሰማችሁት፣ ደህና ይለኛል። ሚዳ ጓያ አለውና? ያ ድንጋይ መሬት ጓያ ያበቅላል? እናንተ የምትበሉት የእኛን ግርድ ነው። የእኔ ጓያ ተፈጭቶ ድስት ላይ ሲጣድ፣ ካልተጠበቀ ድስቱን አልፎ ምድጃ ይወርዳል። ሽታው ከግቢ ውጭ ይጠራሃል።»

«ድስቱን አልፎ የሚወርደው የአንተ አይደለም» አሉ እትዬ ይዘንጋሽ።

«ምን አልሽ?»

«ማሳህ ዳገት ላይ ነዋ ጫኔ። ጓያ የወንዝ ዳር መረሬ ይፈልጋል። የጀማ ዳሩን እኔ ስሸጥ፣ ከሰላድንጋይ ድረስ መጥተው በስም ጠይቀው ነው የሚወስዱት። ያንተን የምቀላቅለው ለማብዛት ነው።»

«ለርግብ ነው ያሉኝ» አልኩ።

«አንቺ ዝም በይ፣ ትልቅ ሰው ሲናገር» አሉኝ፤ ዝም አልኩ። በሕይወቴ እንዲህ ደስ ብሎኝ ዝም ብዬ አላውቅም።

አባ መልከ ጼዴቅ እጃቸውን አነሡ። «በጾም ክርክር አይገባም» አሉ። እሳቸውም ጥቂት አሰቡና ቀጠሉ። «ለነገሩ ግን የደብሩ ማሳ ጓያ ከሁለታችሁም ይበልጣል። ደህና ጓያ ሲበላ ወደ ጉሮሮ ሲወርድ ጥቂት መረር ይላል፤ እሱ ነው ምልክቱ። የጫኔ ምሬት የለውም።»

«የእኔ ምሬት የለውም? ይኸው» አሉ አቶ ጫኔ፤ ሰማያዊውን ሳህን ወደ ፊት ገፉት። «ይኼ የእኔ ጓያ ነው። ከማሳዬ ወጥቶ ገበያ ሄዶ፣ ከገበያ ተገዝቶ እዚህ መጣ። ቅመሱትና ምሬት የለውም በሉኝ። ቢጫውማ የሚዳ ነው።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታዲዮስ ጽፎ ለመጨረስ ወረቀት አነሰው። ሁሉም እንደ አዲስ ቀመሱ። አንዷ ሰማያዊው ልጅ ሆና እናቷ ቤት የበላችው ነው አለች፤ የባሏን እናት ረስታቸው ነበር። ወታደር የነበረው ሰውዬ ቢጫው ይሻላል፣ ወፍራም ነው አለ፤ ወፍራሙን የሚወድ ጓያ የማያውቅ ሰው ነው ተብሎ ተሰደበ። እትዬ ይዘንጋሽ ጣታቸውን በሁለቱም ነክረው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩና፣ ሰማያዊው የጀማ ዳር ነው፣ በጥር የታጨደ ነው ብለው ፈረዱ። አባ መልከ ጼዴቅ ከመፍረዳቸው በፊት ትንሽ ይጨመርልኝ አሉ፤ ተጨመረላቸው፤ ሰማያዊው አሉ። ተቆጥሮ ሲታይ አብዛኛው ሰው ሰማያዊውን የአገሬ ነው ብሎታል።

ሰማያዊው የገበያው ጓያ ከሆነ ሥራችን እዚያ ላይ ያበቃል። «ጌታነሽ» አልኩ፣ «ሰማያዊው የማን ነው?»

ጌታነሽ እጇን በመቀነቷ ጠረገች። የሚጠብቃትን ሰው ሁሉ አየችው፤ አልቸኮለችም። «የብልቃጡ» አለች።

አቶ ጫኔ ተነሥተው ቆሙ። «አይደለም።»

«የብልቃጡ ነው ጋሽ ጫኔ። ቢጫው ነው ከእትዬ ይዘንጋሽ የተገዛው።»

ደግመው ቀመሱ። ቆመው አኘኩ። ከሚዳ ነው ያሉት የገዛ አገራቸው እህል፣ ከማሳዬ ነው ያሉት የእኔ ብልቃጥ ሆኖባቸዋል፤ ከዚህ ወጥመድ እንዴት እንደሚወጡ ሁላችንም በጉጉት ጠበቅን። ወጡ። «እንግዲህ ከእኔ ማሳ ነው የሰረቃችሁት» አሉ።

«ከእርስዎ ይሁን ከጎረቤትዎ አላውቅም፤ እናቱ ግን ከዚሁ ቆላ የተለቀመች ናት» አልኳቸው። «የእናንተው ጓያ ነው። እኛ ያደረግነው መርዙን ማውጣት ብቻ ነው።»

«ረቡዕ ዕለት እንደሱ አትዪም ነበር? ቆመሽ ውሸታም ብለሽ ከምትሰድቢን።» ወዲያው ደግሞ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው፣ «ዘሩን መቼ ነው የምታመጪው?» አሉኝ።

ኮሚቴው እስኪያጸድቅ ለማንም እንደማልሰጥ ተናገርኩ። ያን ጊዜ ነው የጮኹብኝ፤ ሁሉም ባንድነት። ኮሚቴው ማን ነው፣ ጓያ ያውቃል ወይ፣ አዲስ አበባ ተቀምጦ የቆላን ሽሮ ማን ፍረድ አለው። እኔ ራሴ ለኮሚቴው ያልኩት ሁሉ ከነሱ አፍ ሲወጣ ሰማሁት፤ አሁን ደግሞ ኮሚቴውን የምከላከል እኔ ሆኜ ተገኘሁ። ያንን አላደርገውም ብዬ ተውኩት። እትዬ ይዘንጋሽ የመጀመሪያውን ምርት እኔ ነኝ የምሸጠው አሉ። አቶ ጫኔ ሠርቶ ማሳያው በእኔ ማሳ ላይ ካልሆነ አሉ። አባ መልከ ጼዴቅ የደብሩ መሬት ሰፊ እንደሆነ አስታወሱ።

«ዓለሜ» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ጋሼ ገብረየሱስ ነበሩ። «ያንን ሰማያዊ ሳህን ወዲህ በይው።»

ቤቱ እየተንጫጫ ነበርና መጀመሪያ ያስተዋለ አልነበረም። ሳህኑን አነሣሁና መሐል ላይ ቆምኩ። የዚያ ዝርያ የመርዝ መጠን ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ በቃሌ አውቀዋለሁ። በኮሚቴ ፊት ብዙ ጊዜ ተናግሬዋለሁ፤ የተጠራጠረኝን ሁሉ ተጣልቼዋለሁ። የእናቴ ወንድም እጃቸውን ሲዘረጉ ግን እግሬ አልሄድ አለኝ።

«ምን ትጠብቂያለሽ? የሠራሽው አንቺ አይደለሽም?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«ታምኚዋለሽ?»

«አምነዋለሁ።»

«እንግዲያስ አምጪው።»

ወስጄ ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። አሁን ሰዉ ሁሉ ወደ በሩ ዞሯል። ጋሼ እንጀራ ቆረሱ፣ ነከሩ፣ ሳይጎርሱ ቀና ብለው ሁሉንም አዩ።

«ከክፉው ዓመት ወዲህ ጓያ አፌ አልገባም» አሉ። ድምፃቸው ተራ ነበር፤ ስለ ኮርቻ የሚያወሩ ነበር የሚመስሉት። «ያን ዓመት ቤቴ ሌላ አልነበረም። ጠዋትም እሱ፣ ማታም እሱ። እግሬን የያዘኝ ብርድ አይደለም።»

ጎረሱ። ቀስ ብለው አኘኩ። ከጉርሻው በኋላ ሌላ ጎረሱ፤ ከዚያም ሌላ። አቶ ጫኔ ከፊት ወንበራቸው ተነሥተው በሩ ድረስ መጡና፣ ከጋሼ አጠገብ መሬቱ ላይ ተቀመጡ።

«የእኔም ቤት ያን ዓመት ሌላ አልነበረም ገብረየሱስ» አሉ። «እኔን ዕድል ነው ያተረፈኝ።» ይኼን ብለው እጃቸውን ወደ ሰማያዊው ሳህን ሰደዱ።

«ምን ይመስላል?» አልኳቸው ጋሼን። እንደተቆጣሁ ለማስመሰል ሞከርኩ።

ጋሼ ምላሳቸውን ላንቃቸው ላይ አዙረው አሰቡ።

«ጨው ያንሰዋል» አሉ።

«የለም፣ ልኩ ነው» አለች ጌታነሽ ከምድጃው ዘንድ።

«ያንሰዋል» አሉ አቶ ጫኔም አፋቸውን ሞልተው።

ታዲዮስ ወደኔ ዞረ። «ዶክተር፣ እሱንም ልጻፈው?»

«ጻፈው» አልኩት። ጌታነሽ እያጉረመረመች የጨው ዕቃውን ይዛ መጣች።